ካምቢዮው ሲመታ፦ ከመውረዱ በፊት የፈተሽኩት

የምነዳው የ1998 ሞዴል ቶዮታ ካምሪ ነው። አውቶማቲክ፣ ባለ 4 ማርሽ። ባለፈው ክረምት ማርሽ ሲቀይር መምታት ጀመረ። በተለይ ከ1ኛ ወደ 2ኛ ሲያልፍ ወገብ ይገፋል። ቆሜ ከፒ (ማቆሚያ) ወደ አር (የኋላ ማርሽ) ሳስገባው ደግሞ ከሥር ጓ ይላል። ያሳየኋቸው መካኒኮች ሳይነዱት ፈረዱበት። «ጋሼ፣ ይሄ አልቆለታል። ይውረድና በሌላ ይቀየር» አሉኝ።

ያገለገለ ካምቢዮ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ነገር ግን የሚገዛው ከሚወርደው የተሻለ ለመሆኑ ማንም እርግጠኛ አይደለም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ራሴ ልፈትሸው ወሰንኩ።

በመጀመሪያ ምንም ሳልፈታ አስተዋልኩት። የሚመታው ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? የትኛው ማርሽ ላይ? ነዳጅ ለስለስ አድርጌ ስረግጥ ነው ወይስ ስጫነው? ያየሁትን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ። አንድ ማርሽ ብቻ ቢመታ ኖሮ የዚያን ማርሽ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዘይት ቫልቭ) ወይም ፍሪሲዮን (ማርሹን ጨብጠው የሚይዙት ሳህኖች) እጠረጥር ነበር። የእኔ ግን ሁሉም ላይ ይመታል፤ የሚቀይርበት ፍጥነት ግን እንደ ድሮው ነው። እንዲህ ሲሆን ሁሉንም ማርሽ የሚነካ ነገር መፈለግ ይሻላል። ይኸውም ዘይቱ ወይም የዘይቱ ግፊት ነው።

የዚህ ካምቢዮ ዘይት የሚለካው መኪናዋ በደንብ ተነድታ ከሞቀች በኋላ፣ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ነው። ፍሬን ተረግጦ ማርሹ ከፒ እስከ ኤል ይሄድና ወደ ፒ ይመለሳል። ከዚያ መለኪያው ይሳባል። የእኔ ልኩን አልጎደለም። ቀለሙ ጠቁሯል፤ ግን የተቃጠለ ሽታ የለውም። ነጭ ጨርቅ ላይ ሳንጠባጥበውም የብረት ብናኝ አላየሁም። በጣም ደስ አለኝ፤ ፍሪሲዮኖቹ አርረው ቢሆን ሽታው ያስታውቅ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው «ኦ/ዲ ኦፍ» (ኦቨርድራይቭ፣ ማለትም 4ኛው ማርሽ፣ ሲዘጋ የሚበራው) መብራትም ብልጭ ድርግም አላለም። በዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ መብራቱ እንዲያ የሚለው የካምቢዮው ሶሌኖይድ ወይም የፍጥነት ሴንሰር ሲበላሽ ነው።

ቀጥሎ ከሥር የሚሰማውን ጓታ ያዝኩ። ኮፈኑን ከፈትኩና የእህቴን ልጅ መሪው ላይ አስቀመጥኩት። የእጅ ፍሬን ተያዘ፤ የእግር ፍሬኑንም አጥብቆ ረገጠ። ከአር ወደ ዲ ሲቀያይር እኔ በጎን ቆሜ አየሁ። (ፊት ለፊት መቆም አደጋ አለው።) ሞተሩ ብድግ ብሎ መልሶ ይወድቃል። ሞተሩን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚይዘው የፊት ለፊቱ የሞተር ሱፖርት ጎማው ተቀዷል። እሱ ሲቀየር ጓታው ጠፋ። ካምቢዮው የሌለበትን ጥፋት ነበር የተሸከመው።

መንገድ ላይ የሚመታው ግን አልቀረም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የማያየው ነገር ያለው። በዚህ መኪና ላይ ከትሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ክፍል) ወደ ካምቢዮው የሚወርድ ቀጭን ካቦ አለ። ነዳጅ ሲረገጥ ይሳባል፤ በተሳበ መጠን ካምቢዮው ውስጥ ያለው የዘይት ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲበዛ ማርሹ በኃይል ይገባል። ሞተሩ ጠፍቶ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ፣ ካቦው ላይ ባለችው ትንሽ የብረት ምልክት እና በሽፋኑ ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የእኔ ከ5 ሚሊ ሜትር ያልፍ ነበር። ከዚህ በፊት ትሮትል ቦዲው ሲጸዳ አጥብቀው አስረውታል። ሁለቱን ዳዶዎች ላላ አድርጌ ልኩ ላይ መለስኩት። መኪናዋን ስነዳት ልዩነቱ ወዲያው ታወቀኝ።

አደራ፣ ይለስልስልኝ ብሎ ካቦውን ከልኩ በላይ ማላላት አይገባም። ግፊቱ ሲያንስ ፍሪሲዮኖቹ ይንሸራተታሉ፤ ይቃጠላሉም። ያኔ ካምቢዮው እውነትም ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ጉልበት ስለሚያጣ ነዳጅ አብዝተን እንረግጣለን፣ ካቦውም አብሮ ይሳባል። ስለዚህ አቀያየሩ እዚህ ትንሽ ጠንከር ቢል አያስደነግጥም።

በመጨረሻ ዘይቱን ቀየርኩ። በማሽን አላሳጠብኩም። ከታች ሲፈስ የሚወጣው 2.5 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ እያፈሰስኩ፣ ዴክስሮን 3 እየሞላሁ፣ ጥቂት እየነዳሁ ደጋገምኩት፤ ቀለሙ ቀይ እስኪሆን። ባለ 4 ሲሊንደር የዚህ ዘመን ካምሪ ያላችሁ ዲፈረንሻሉን (ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለውን) እንዳትረሱት። ዘይቱ ከካምቢዮው ጋር አይገናኝም፤ የራሱ መሙያ ብሎን አለው፣ በካምቢዮው መለኪያም አይታይም። የእኔን ስከፍተው ጎድሎ አገኘሁት።