ባለ ሰዓት ካሊፐር፦ የአራት ሳምንት የእጅ ልምምድ ከኮምቦልቻ

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ ድረስ ባለ ሰዓት ካሊፐር ማንበብ ይለመዳል። እጁ ግን በረካም አይበቃውም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። ቁጥሩን አንብቦ መጻፍ የቻለ ሁሉ ለካ ማለት አይደለም። ካሊፐር የዕቃን ስፋት፣ ቀዳዳና ጥልቀት የሚለካ የእጅ መሣሪያ ነው፦ ዕቃውን የሚይዙ መንጋጋዎች፣ በዋናው መስመሪያ ላይ የሚሄድ ተንሸራታች፣ ትንሹን ልክ በጠቋሚ የሚያሳይ ክብ ሰዓትም አለው። ይህ መዝገብ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ቶርኖ ቤት ለጀማሪዎች የተዘጋጀ የአራት ሳምንት ልምምድ ነው። ለደሴ፣ ለሐይቅና ለወልዲያ የሙያ ባልደረቦችም እንዲጠቅም ቁጥሮቹም ስህተቶቹም እንዳሉ ተቀምጠዋል።

ሳምንት 1፦ ሰዓቱ ምን ይላል?

የተለማመድንበት ካሊፐር ከ0 እስከ 150 ሚሜ የሚለካ፣ ሰዓቱ ላይ «0.02 ሚሜ» የተጻፈበት ነው። ጠቋሚው አንድ ዙር ሲጨርስ ተንሸራታቹ 2 ሚሜ ሄዷል። ዙሩ 100 ክፍል አለው፣ አንዱ ክፍል 0.02 ሚሜ ማለት ነው። «0.01» የተጻፈበት ከሆነ ብዙውን ጊዜ አንድ ዙር 1 ሚሜ ነው። የኢንቹ ዓይነት በአብዛኛው በአንድ ዙር 0.1 ኢንች ይሄዳል፤ አንዱ ክፍል 0.001 ኢንች፣ ማለትም 0.0254 ሚሜ ነው። ካሊፐር የተዋሰ ሰው ከምንም በፊት ሰዓቱ ላይ የተጻፈውን ያንብብ፤ ሳያነቡ የለኩት በሙሉ ተመልሶ ይለካልና።

አነባበቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በዋናው መስመሪያ ላይ የተንሸራታቹ ጠርዝ ያለፈውን የመጨረሻ ተጋማሽ ቁጥር ያዙ፦ 2፣ 4፣ 6 እያለ የሚሄደውን። ከዚያ ከጠቋሚው የተነበበውን ደምሩበት። ጠርዙ 34ን አልፎ ጠቋሚው 37ኛው ክፍል ላይ ከቆመ 34 + 0.74 = 34.74 ነው። ጠቋሚው ግማሽ ዙሩን አልፎ 62ኛው ክፍል ላይ ከቆመ ደግሞ 34 + 1.24 = 35.24።

የጀማሪ ሁሉ ወጥመድ እዚህ ጋ ነው። 47 ሚሜ የሆነ ዕቃ ሲለካ የተንሸራታቹ ጠርዝ 47 ላይ፣ ጠቋሚው ደግሞ ግማሽ ዙር ላይ ይቆማል። 47ን ይዞ 1.00 የጨመረበት ሰው 48.00 ብሎ ይጽፋል፤ ትክክሉ 46 + 1.00 ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ዜሮ ዙሪያ ነው። 19.98 ሲለካ ጠርዙ 20 ላይ የደረሰ ይመስላል፣ ጠቋሚው ግን ዜሮ ሊደርስ አንድ ክፍል ቀርቶታል። 20ን ያዘና 1.98 ደመረ፤ 21.98 ሆኖ ተጻፈ! ጠቋሚው ከዜሮ በፊት ካለ ዙሩ ገና አላለቀም፣ ስለዚህ መነሻው 18 ነው። ጠርዙና ጠቋሚው ሲጣሉ ምንጊዜም ጠቋሚውን እመኑ። ጠርዙ «የትኛው ዙር ላይ ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ዓይናችሁም በሰዓቱ ፊት ለፊት ትክክል ይሁን። ከጎን የሚያይ ሰው አንድ ክፍል በቀላሉ ይስታል።

ዜሮ ማድረግ

መንጋጋዎቹን በንጹሕ ወረቀት ላይ በስሱ ዝጉና ወረቀቱን ሳብ አድርጋችሁ አውጡት፤ ቅባቱንና ብናኙን ይዞ ይወጣል። ቀጥሎ ዘግታችሁ ወደ መስኮት አንሱና አሻግራችሁ እዩ። በመንጋጋዎቹ መካከል ወጥ የሆነ ብርሃን ካለ ቆሻሻ ገብቷል፤ ጫፉ ላይ ብቻ ከታየ መንጋጋው ተጣሟል ወይም ተበልቷል። ዓይን በዚህ መንገድ የሚሊሜትር ጥቂት ሺኛ የሆነ ክፍተት ስለሚያይ ከዚህ የረከሰ መመርመሪያ የለም። ብርሃን ከሌለ የሰዓቱን ቀለበት ፈትታችሁ ዜሮውን ከጠቋሚው ጋር አገናኙና እሰሩት። ሦስት ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉ። ሦስቴም ዜሮ ላይ ካልተመለሰ መለካት አትጀምሩ።

ሳምንት 2፦ ኩሽኔታው መምህር

ጌጅ ብሎክ፣ ማለትም ልኩ በጥንቃቄ የታወቀ መፈተኛ ብረት፣ ያለው ቶርኖ ቤት ጥቂት ነው። ከካርቶኑ ያልወጣ አዲስ ኩሽኔታ ግን መለዋወጫ ሱቅ ሁሉ አለ፣ ልኩም የታወቀ ነው። ለምሳሌ 6204 የሚባለው ኩሽኔታ ውስጡ 20፣ ውጩ 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሜ ነው። መደበኛ ደረጃ ከሆነ ውጩ ከ47.000 እስከ 46.989፣ ውስጡ ከ20.000 እስከ 19.990 መሆን አለበት። ውፍረቱ ግን እስከ 0.12 ሚሜ ድረስ ሊያንስ ይፈቀድለታል። ስለዚህ ካሊፐርን በኩሽኔታ ውፍረት መፈተን አይቻልም። 13.92 አንብቦ «መሣሪያው ተበላሽቷል» የሚል ሰው የሚወቅሰው ንጹሕ ካሊፐር ነው።

የልምምዱ ወረቀት ቀላል ነው። ውጩን አሥር ጊዜ ለኩ፤ በየመሃሉ ካሊፐሩን አስቀምጡትና እንደገና አንሱት፤ የትልቁንና የትንሹን ልዩነት ከታች ጻፉ። የጀማሪ ወረቀት ይህን ይመስላል፦ 47.04፣ 46.94፣ 47.00፣ 46.92፣ 47.08… ልዩነቱ 0.16 ነው። ዒላማው 0.04፣ ማለትም ሁለት ክፍል ነው። አብሽሩ፣ ይደረሳል፤ ብቻ ቁጥሩ ከየት እንደሚበተን ማወቅ ይጠይቃል።

አንደኛ፣ ግፊት። ማይክሮሜትር (ከካሊፐር ይልቅ በጥቃቅን የሚለካው መሣሪያ) ግፊቱ ሲበቃ የሚያቆም መቁረጫ አለው፤ ካሊፐር የለውም፣ መቁረጫው አውራ ጣታችሁ ነው። ኩሽኔታውን እንደያዛችሁ ተንሸራታቹን የምትገፉበትን የአውራ ጣት ጎማ ጠበቅ አድርጉት፤ ጠቋሚው አንድ ሁለት ክፍል ወደ ታች ሲወርድ ታያላችሁ። ብረቱ አልጠበበም፣ መንጋጋው ነው የተለመጠው። 46.92 የመጣው ከዚህ ነው። መንጋጋው ዕቃውን ሲነካ ጣት ይቁም።

ሁለተኛ፣ መጣመም። መንጋጋው ዕቃው ላይ ዘንበል ካለ ቁጥሩ ያድጋል። 47.08 የዚያ ነው። ካሊፐሩን በቀስታ ወዲህና ወዲያ እያወዛወዛችሁ ጠቋሚው ሊወርድ የሚችልበትን ትንሹን ቦታ ፈልጉ። ኩሽኔታ ክብ ስለሆነ ደግሞ መንጋጋዎቹ ትክክል መሃሉን መያዝ አለባቸው፤ ወደ ዳር ከሸሹ ያነበባችሁት ዲያሜትሩን አይደለም።

ሦስተኛ፣ ቦታ። ዕቃውን በተቻለ መጠን ወደ ዋናው መስመሪያ አስጠጉ፣ በመንጋጋው ጫፍ አትያዙ። የካሊፐር መስመሪያ ከሚለካው ዕቃ ጋር በአንድ መስመር ላይ አይደለም፤ በመንጋጋው ርዝመት ርቆ ነው ያለው። ተንሸራታቹ ጥቂት ጨዋታ ካለው ስህተቱ ጫፍ ላይ ይገዝፋል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኧርንስት አቤ ይህን የመለኪያ ሕግ በ1890 (እ.ኤ.አ.) ጽፎታል፤ ካሊፐር ሕጉን ጥሶ የተሠራ መሣሪያ ነው። ፈተናው፦ አንዱን ዕቃ ከመስመሪያው አጠገብና ከጫፍ ለኩ። ከ0.04 በላይ ከተለያየ በተንሸራታቹ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች እስኪይዙ ጠበቅ አድርጉና አንድ ስምንተኛ ዙር መልሱ። ከዚያ በላይ ከጠበቀ እጃችሁ ግፊቱን መለየት ይሳነዋል።

ለጣት ስሜት አንድ ጥሩ ልምምድ አለ። ባለ 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት አሥር ቅጠል ደርቡና ለኩ። ወደ 1 ሚሜ ይመጣል፣ ነገር ግን ወረቀት ስለሚታመቅ ጣታችሁ የጫነውን ሁሉ ያጋልጣል። ብረት ይሸፍንላችኋል፣ ወረቀት አይሸፍንም።

ሳምንት 3፦ ቀዳዳ፣ ጥልቀት፣ ቡሎን

ለቀዳዳ የላይኞቹ ቀጫጭን መንጋጋዎች ናቸው። እንቅስቃሴው ሁለት ነው፣ የሚፈለገውም ተቃራኒ ነው። ወደ ጎንና ጎን ስታንቀሳቅሱ ትልቁን ቁጥር ፈልጉ፤ ካልሆነ ዲያሜትሩን ሳይሆን ከዳር ያለውን አጭሩን መስመር ነው የያዛችሁት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስታዘነብሉ ደግሞ ትንሹን ፈልጉ። ጀማሪ አንዱን ይዞ ሌላውን ይረሳል። ቀዳዳው ትንሽ ሲሆን የመንጋጋው ጠርዝ ጠፍጣፋነት ራሱ ያሳስታል፦ በ5 ሚሜ ቀዳዳ ውስጥ 0.5 ሚሜ ስፋት ያለው ጠርዝ ወደ 0.025 ሚሜ አሳንሶ ያነባል። ለትንሽ ቀዳዳ የፑንታ (የመብሻ ብረት) ጀርባ መክተት ይሻላል፤ የትኛው ገባ፣ የትኛው እምቢ አለ ብሎ ማየት።

የሁለት እኩል ቀዳዳዎች የመሃል ርቀት ሲፈለግ ከሩቅ ጠርዝ እስከ ሩቅ ጠርዝ በውስጥ መንጋጋ ለኩና የአንዱን ቀዳዳ ስፋት ቀንሱ፦ 112.40 − 12.40 = 100.00። የሞተር መቀመጫ ላሜራ ላይ ቀዳዳ ሲዛወር በየቀኑ የሚያስፈልግ ሒሳብ ነው።

ጥልቀት ለመለካት ከመስመሪያው ጫፍ የሚወጣው ቀጭን ዘንግ ጫፉ በአንድ ጎኑ ትንሽ ተሸርፏል፤ ብልሽት አይደለም። ቀዳዳው ሥር ያለው ጥግ ክብ ከሆነ ወይም ፍቅፋቂ (የብረት ቅራፊ) ከቀረበት እንዳይቀመጥበት የተሠራ ነው፣ ስለዚህ የተሸረፈው ጎን ወደ ግድግዳው ይዙር። የካሊፐሩ መቀመጫ ጠባብ በመሆኑ በቀላሉ ይዘነበላል። በ50 ሚሜ ጥልቀት 3 ዲግሪ ማዘንበል ወደ 0.07 ሚሜ ይጨምራል። በግራ እጅ መቀመጫውን ጫን፣ በቀኝ ዘንጉን ዝቅ።

ቡሎን ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። እኛ ጋ «17 ቁጥር» የሚባለው በመፍቻው ነው፤ ጥርሱ ብዙውን ጊዜ ባለ 10 ሚሜ ነው። ጥርሱን ከላይ ስትለኩ 10.00 አትጠብቁ፤ ጤነኛው ከ9.73 እስከ 9.97 ይመጣል። ባለ 12ቱ ከ11.70 እስከ 11.97 ነው። ከ9.5 በታች ካነበባችሁ 3/8 ኢንች ሊሆን ስለሚችል ዳዶውን በግድ አታስገቡ። በአሮጌ ማሽን ላይ የኢንችና የሚሊሜትር ቡሎን ጎን ለጎን መገኘቱ የተለመደ ነው።

ዱቄትና ፍቅፋቂ

ባለ ሰዓት ካሊፐር ባትሪ አይፈልግም፤ ጠላቱ ቆሻሻ ነው። ሰዓቱን የሚያዞረው በመስመሪያው ላይ የተዘረጋ ደቃቅ ጥርስ ነው። እዚያ ላይ አንዲት ፍቅፋቂ ከተቀመጠች በላዩ የምትዞረው ትንሿ ባለ ጥርስ ጎማ ዘላ ታልፋለች። ምልክቱ፦ ካሊፐሩ ሲዘጋ ጠቋሚው ከዜሮ ርቆ ይቆማል። ቀለበቱን አዙሮ «አስተካከልኩት» ማለት ሽንገላ ነው፤ ምክንያቱ ሳይወጣ ነገ ይደገማል። በለስላሳ ብሩሽ ከዳር እስከ ዳር ጥረጉ። ኮምፕረሰር አትንፉበት፣ አየሩ ብናኙን ወደ ሰዓቱ ውስጥ ይሰደዋል።

የወፍጮ ቤት ሥራ የሚሠራ ሰው በተለይ ይስማ። ጥርሱ ላይ ዘይት ወይም ግሪስ ካለ የጤፍና የማሽላ ዱቄት እዚያ ሊጥ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ከብረት ባልተናነሰ ይቆልፋል። ቀጭን ዘይት በመስመሪያው ጠፍጣፋ ላይ ብቻ አድርጉ፣ ያንንም በጨርቅ አድርቁት። ማግኔት ካለበት አጠገብም አታሳድሩት፤ መንጋጋው ማግኔት ከያዘ ፍቅፋቂውን እየጠራ ይሰበስባል። ሲቀመጥ መንጋጋው 1 ሚሜ ያህል ከፈት፣ ማሰሪያው ላላ ይበል። በመንጋጋው ጫፍ ብረት ላይ መስመር የሚጭር ደግሞ ካሊፐር ባይነካ ይሻላል።

ሳምንት 4፦ የወፍጮ ሻፍት

እስካሁን የተለማመድነው ሁሉ እዚህ ይፈተናል። ሥራው 6308 ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ሻፍት ነው፦ ውስጡ 40፣ ውጩ 90፣ ውፍረቱ 23 ሚሜ። ኩሽኔታው ሻፍቱ ላይ በጥብቅ እንዲቀመጥ በተለመደው «ኬ6» በሚባለው የሻፍት ልክ ደረጃ ሻፍቱ ከ40.002 እስከ 40.018 መሆን አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 0.016 ሚሜ ነው፤ የካሊፐራችን አንድ ክፍል ብቻውን 0.02፣ ስህተቱም ወደ 0.03 ያህል ነው። ስለዚህ ኩሽኔታ መቀመጫ በካሊፐር አይጨረስም። በካሊፐር እስከ 40.2 ድረስ አምጡት፣ የቀረውን ማይክሮሜትር ይረከበው። ካሊፐር ላይ «40.00 ልክ ነው» ተብሎ የተገጠመ ሻፍት ወይ ይላላና ኩሽኔታው ሻፍቱ ላይ ይሽከረከራል፣ ወይ ይጠብቅና በመዶሻ ይገባል። ሁለቱም ወፍጮው ባለቤት ጋ በጩኸት ይመለሳሉ።

ሙቀትም አለ። ከቶርኖ ወዲያው የወረደ 60 ዲግሪ የሞቀ የ40 ሚሜ ብረት ከ20 ዲግሪው ልኩ በ0.018 ሚሜ ያህል ይበልጣል። በሙቁ 40.01 የተባለው ሲበርድ 39.99 ሆኖ ይገኛል። የደሴ ብርድና የኮምቦልቻ ሙቀት ግን ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ካሊፐሩም ሻፍቱም ብረት ናቸውና አብረው አንድ ክፍል ውስጥ ካደሩ አብረው ይሰፋሉ፣ አብረው ይጠባሉ። ችግሩ አንዱ ሞቆ ሌላው ሲቀዘቅዝ ነው። ማሽኑ እየዞረ መለካት ደግሞ አይታሰብም። መንጋጋውን ይበላዋል፣ ካሊፐሩን ከእጅ ነጥቆ ወደ ማንድሪኖው (ዕቃውን ይዞ ወደሚዞረው የማሽኑ ክፍል) ይጎትተዋል።

በዚሁ ሻፍት ላይ ካሊፐሩ ያለ ማይክሮሜትር የሚበቃበት ቦታ የቁልፉ ቦይ ነው፤ ቁልፉ ሻፍቱንና በላዩ የሚገጠመውን አብረው እንዲዞሩ የሚያስተሳስር ትንሽ ብረት ነው። ለ40 ሚሜ ሻፍት ቁልፉ 12 በ8 ነው፤ ቦዩ ሻፍቱ ውስጥ 5 ሚሜ ይገባል፣ እስከ 0.2 ሚሜ መጨመርም ይፈቀድለታል። በጥልቀት ዘንግ አትለኩት፤ የሻፍቱ ጀርባ ክብ ስለሆነ መቀመጫው ይንገዳገዳል። የመንጋጋውን ቀጭን ጫፍ ቦዩ ውስጥ አስገቡና ከሥሩ እስከ ተቃራኒው የሻፍቱ ጀርባ ለኩ፤ 35.0 ይጠበቃል፣ እስከ 34.8 ድረስም ደህና ነው። «ወደ መስመሪያው አስጠጉ» ያልነው ሕግ እዚህ ይፈርሳል፣ ጫፍ ካልሆነ አይገባምና። ጫፉ የሚያመጣው 0.04 ግን በ0.2 ውስጥ ይዋጣል።