ዓሣ ከጣና፣ ጌሾ ከዘጌ፦ ከባሕር ዳር ገበያ እንዴት እንግዛ

የባሕር ዳር ገበያ በየቀኑ አለ፤ ጢም ብሎ የሚሞላው ግን ቅዳሜ ነው። ዓሣው ከጣና ይወጣል፤ ጌሾና ቡናው ከዘጌ፣ ሩዝና ሽንኩርቱ ከፎገራ፣ ጤፉ ከአዴት ይገባል። አብዛኛው ዕቃ ሩቅ መንገድ ሳያንገላታው እጃችን ላይ ይደርሳል። ይህን ገበያ የምንወደውም ለዚህ ነው፦ ወሩንና ሰዓቱን ላወቀ፣ በዓይኑ፣ በእጁና በአፍንጫው ለሚመርጥ ሰው ከዋጋው በላይ ይሰጣል። ሳያይ የሚገዛ ግን ዘንቢሉን ሞልቶም ሊከስር ይችላል።

ከሁሉ ይበልጥ ዕውቀት የሚጠይቀው ዓሣው ስለሆነ ከሐይቁ ዳር እንጀምር። አጥማጆች መረባቸውን አመሻሽ ላይ ጥለው ንጋት ላይ ያወጣሉ። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ዓሣ የዚያው ሌሊት ነው። ከ5 ሰዓት በኋላ ያለ በረዶ ፀሐይ ላይ የቆየውን በግማሽ ዋጋ ቢሰጧችሁም ተዉት። ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ከአንድ መረብ የወጡ ዓሦች ሁሉ እኩል ትኩስ አይደሉም። በጊዜ የተያዘው መረቡ ውስጥ ሞቶ ሲያድር፣ ንጋት ላይ የገባው ገና ይንፈራገጣል። ስለዚህ ክምሩን አይታችሁ አትወስኑ፤ አንድ በአንድ እያነሣችሁ ምረጡ።

ዓይኑ ጎላ ያለና የጠራ ይሁን። ጭጋግ የለበሰና የሰረጎደ ዓይን የቆየ ዓሣ ምልክት ነው። የጆሮውን ክዳን ገልጣችሁ ስንጥቡን፣ ማለትም የሚተነፍስበትን ክፍል፣ እዩ፤ ትኩሱ ደማቅ ቀይ ነው፤ ወደ ቡናማ ከሄደ ይቅርባችሁ። ቀጥሎ ሆዱን በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። የተጫነው ቦታ ወዲያው ካልተመለሰ ዓሣው መላላት ጀምሯል። ሆድ ቀድሞ የሚበላሸው፣ አንጀት ውስጥ ያለው ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ዓሣው ከሞተም በኋላ ሥራውን ስለማያቆም ነው። ለዚህ ነው ዓሣ ቤት እስኪደርስ ሳይጠበቅ እዚያው ሆዱ ተከፍቶ፣ አንጀቱና ስንጥቡ ወጥቶ መታጠብ ያለበት። የፌስታል ውስጥ ሙቀት ደግሞ ከመንገዱ ርዝመት ይበልጥ ይጎዳዋል፤ እርጥብ ጆንያ ወይም በረዶ ያለበት ባልዲ ያዙ።

ፊሌቶ፣ ማለትም ከአጥንቱ የተገፈፈ ሥጋ፣ ለሚገዛ ሰው ሒሳቡ ቀላል ነው። ከ3 ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚወጣው ፊሌቶ 1 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ የፊሌቶው ዋጋ ከሙሉው ዓሣ ሦስት እጥፍ ቢጠጋ አያስደንቅም። ከዚያ በጣም ከወረደ የየትኛው ዓሣ እንደሆነና መቼ እንደተገፈፈ መጠየቅ ተገቢ ነው። አስገፍፋችሁ ከገዛችሁ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ትታችሁ አትሂዱ፤ ለሾርባ ከሥጋው የበለጠ ጣዕም ያለው እዚያ ነው።

ለጥብስ ከ400 እስከ 500 ግራም የሚመዝን ቆሮሶ ይሻላል። ከዚያ የከበደው ውጭው ሲያር መሐሉ ጥሬ ይቀራል። ቅርፊቱን ከጅራት ወደ ጭንቅላት ፋቁት፤ ሁለቱንም ጎን በ1 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሰንጥቁት፤ ጨውና ሎሚ እሹት። ሎሚው ላይ ግን ከ15 ደቂቃ በላይ አታቆዩት፤ አሲዱ ሥጋውን ያነጣውና ያላላዋል፣ መጥበሻ ላይም ይፈረካከሳል። ከዚያ በጨርቅ አድርቁት። ዘይት የሚረጨውና ዓሣው መጥበሻ ላይ የሚጣበቀው ውሃ ስላለበት ነው። በጋለ ዘይት እያንዳንዱን ጎን ከ5 እስከ 6 ደቂቃ፣ አንድ ወይም ሁለት ዓሣ ብቻ እያስገባችሁ። ብዙ ከተጨመረ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ዓሣው መጠበሱ ቀርቶ ዘይት ይጠጣል።

አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ አየር መሳብ ስለሚችል ከውሃ ወጥቶም ብዙ ይቆያል። ዝልግልጉን በጨው አሽታችሁ ካላጠባችሁት ጭቃ ጭቃ ይላል። ነጭ ዓሣ የሚባለው የጣና ዓሣ ሥጋው ጣፋጭ ነው፣ ግን በሥጋው መሐል ቀጫጭን እሾህ ሞልቶታል። መፍትሔው በግማሽ ሳንቲ ሜትር ርቀት አጥልቆ መሰንጠቅ ነው፤ እሾሁ ተቆራርጦ ከጥብሱ ጋር ይንኮሻኮሻል። ለሕፃናት ግን አይሰጥም።

ነጭ ዓሣን በተመለከተ አጥብቀን የምንለው አለ። በክረምት፣ በተለይ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ገባር ወንዞች ለመራባት ይወጣል። በዚያ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ በመረብ መያዙ ቁጥሩን በእጅጉ ቀንሶታል። ሆዱ በእንቁላል የተነፋ ነጭ ዓሣ በእነዚህ ወራት አትግዙ፤ ቆሮሶ አለላችሁ። ጾም ሲገባም የዓሣ ዋጋ መውጣቱን አስቡበት። ዓሣ መብላት ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ለአባቶች እንተወውና፣ ፈላጊው በዝቶ የቆየውም ሳይቀር የሚሸጠው በዚያ ሰሞን ስለሆነ ስንጥቡን ደጋግማችሁ እዩ።

ከዘጌ የሚመጣውን ጌሾ ስትገዙ ቅጠሉን በእጃችሁ ጨብጡት። ጥሩው አረንጓዴነቱን ይዞ የደረቀና የሚንኮሻኮሽ ነው። ቡናማ ሆኖ አቧራ አቧራ የሚሸት ከሆነ ዓመት አልፎታል፤ ጠላውም ቶሎ ይኮመጥጣል። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ነው። ለ1 ኪሎ ማር 4 ሊትር ውሃና ከ100 እስከ 150 ግራም የተከተከተ የጌሾ እንጨት ይበቃል። ብርዙ ሦስት ቀን ካደረ በኋላ ጌሾው ይገባል፤ ሳምንት ካለፈው ምሬቱ ማሩን ይጫነዋል። ለጠጅ ከሰፈፉ ጋር ያለውን ማር ምረጡ፤ ከአደይ አበባ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር የሚገባው ተወዳዳሪ የለውም። ማር መርጋቱ ስኳር ተቀላቅሎበታል ማለት አይደለም። የሚያሠጋው አናቱ ላይ አረፋ ሲይዝና ሲኮመጥጥ ነው፤ ንቡ ሳይከድነው ስለተቆረጠ ውሃው በዝቷል።

የፎገራ ሩዝ በታኅሣሥና በጥር ይረክሳል። ለእንጀራ ከሦስት እጅ አንዱን ሩዝ፣ ሁለቱን ጤፍ አድርጉ። ሩዙ ከዚያ ከበለጠ እንጀራው ዕለቱን ነጭና የሚያምር ቢሆንም በማግስቱ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሽንኩርት ደግሞ አንገቱ የደረቀውን እንጂ አረንጓዴ ግንድ የቀረበትን ለክምችት አትያዙ፤ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ምራቂ መጠየቅ የሚያምረው ከተመዘነ በኋላ ነው፤ ጉሊት የምትሸጥ እናት ከመደቡ ላይ ሁለት ፍሬ ቲማቲም ለመጨመር ብዙ አትለመንም።

ቅቤ በማለዳ ይገዛል፤ የባሕር ዳር ሙቀት ከረፋዱ ጀምሮ ያላላዋል፣ የላላ ቅቤ ደግሞ ባዕድ ነገር ይደብቃል። ትንሽ ቆንጥራችሁ በመዳፋችሁ እሹት፤ ንጹሑ ሲሞቅ የወተት ሽታ ይሰጣል፣ የፓልም ዘይት የገባበት ግን ቅባቱ ብቻ ይቀራል። ካጠራጠራችሁ አንድ ማንኪያ አቅልጡ፦ ከላይ የጠራ ቢጫ፣ ከታች ጥቂት ነጭ ዝቃጭ ከሆነ ደህና ነው። ዝቃጩ እንደ ገንፎ ከወፈረ ሙዝ ወይም ዱቄት ገብቶበታል። ለጋ ቅቤ ውስጡ ውሃ ስላለበት 1 ኪሎው ሲነጠር ከ800 ግራም ብዙም አይበልጥም፤ ለበዓል ስታስቡ ይህን ጨምራችሁ ግዙ።