ክረምቱን ለበረንዳ፣ በጋውን ለጓሮ

ባሕር ዳር ላይ አትክልት ለሚያሳድግ ሰው ከድርቁ ይልቅ ዝናቡ ይከብዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በእነዚህ ወራት ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ፀሐይ ለቀናት ትጠፋለች። የእኛ ጓሮ አፈር ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ከጫማ አይላቀቅም፣ ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ስለዚህ ገና በግንቦት፣ መሬቱ ሳይጨቀይ፣ መደቦቹን ከፍ አድርጌ እሠራለሁ፤ የበሰበሰ ፍግና የጤፍ ጭድ እጨምርበታለሁ፤ በመካከላቸውም ውኃው ወደ ውጭ የሚወርድበት ቦይ እቆፍራለሁ። በዚያ ላይ ክረምቱን ጎመን ይቆያል፣ ዱባው አጥሩን ይወጣል፣ በቆሎው ለእሸት ይደርሳል። ከዚህ በላይ ከክረምት አልጠብቅም።

ዋናው የክረምት ሥራዬ በረንዳው ላይ ነው። ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና እሬት ሥራቸው ውኃ ውስጥ ሲያድር ይበሰብሳሉ፤ ስለዚህ በሰኔ መጀመሪያ ሁሉም በየጣሳቸው ከጣሪያ ሥር ይገባሉ። ለጣሳ ዋልካ አይሆንም። ቀይ አፈር፣ አሸዋና ብስባሽ እኩል እኩል አደባልቃለሁ፤ የጣሳውንም ቂጥ በምስማር ደጋግሜ እበሳለሁ። ውኃ ከማጠጣቴ በፊት ጣሳውን አነሣዋለሁ። ከከበደ ላዩ የደረቀ ቢመስልም አልነካውም፤ ከቀለለ እስኪንጠባጠብ አጠጣዋለሁ። በክረምት ብርሃኑ ስለሚቀንስና አየሩ ስለሚረጥብ ቤት ውስጥ ያለ ተክል የሚጠጣው በጣም ጥቂት ነው። አፈሩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች መብረር ከጀመሩ ውኃ በዝቷል ማለት ነው፤ ማጠጣቱን አቁሜ ላዩን በደረቅ አሸዋ እሸፍነዋለሁ።

ቲማቲም ግን የበጋ ነገር ነው። ጎረቤታችን እማማ «ልጄ፣ ከመስቀል በፊት ቲማቲም ደጅ አይወጣም» ይሉኛል፤ ልክ ናቸው፤ በዝናብ ወቅት ቅጠሉና ግንዱ ጠቁሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል። ዘሩን በነሐሴ መጨረሻ በረንዳው ላይ በሣጥን አፈላና ዝናቡ ሲያባራ አዛውረዋለሁ። እንጨት እደግፍለታለሁ፣ መሬት የሚነካውን የታች ቅጠል እቆርጣለሁ፣ ውኃውንም ከእግሩ ሥር አፈሳለሁ። በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የገባው የቲማቲም የእሳት ራት አሁንም ይመጣል። ትሉ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል ገብቶ ውስጡን ስለሚበላ ነጣ ያለ፣ ወረቀት የመሰለ ቦታ ይተዋል። ያን ቅጠል ሳየው ቀጥፌ አቃጥለዋለሁ። በታኅሣሥ የሌሊቱ ብርድ ያስቸገረኝ በሶብላን ብቻ ነው፤ እሱ ማታ ማታ ቤት ይገባል።

ከጥር በኋላ አፈሩ ጉዝጓዝ፣ ማለትም ከላዩ የሚነጠፍ የቅጠል ወይም የብስባሽ ሽፋን፣ ይፈልጋል። ከሐይቁ የሚለቀመውን እምቦጭ ለብስባሽ ውሰድ ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። ጥሩ ብስባሽ እንደሚወጣው አልክድም፤ ነገር ግን የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ የእኛ ሰፈር ቦይ ደግሞ የሚፈሰው ወደ ጣና ነው። በእጃችን መልሰን እንድንዘራው ስለማልፈልግ አላስገባውም።

የጉዝጓዝን ነገር ይበልጥ ያስተማረኝ ዜጌ ነው። በዚያ ባሕረ ገብ መሬት ማረሻና ከብት በቆየ ልማድ የተከለከሉ ናቸው፤ ቡናውና ጌሾው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ በረገፈ ቅጠል ላይ ይበቅላሉ። እኔም የቡና ችግኞቼን ከማንጎው ሥር ተከልኩ፤ መሬቱን ሳልቆፍር ቅጠል ብቻ እከምርበታለሁ፣ ግንዱን ሳላስነካ። ቡናው ከረጅም ድርቅ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሳምንት ያህል ቆይቶ ያብባል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት በውኃ አላጣድፈውም። የሚያስቸግረኝ የቅጠል እጥረት ነው። ጎረቤቶች ጠርገው ከማቃጠል በአጥር በኩል እንዲወረውሩልኝ ለምኜ ነበር፤ አሁን ሳልጠይቃቸውም ይወረውራሉ፣ አንዳንዴ ፌስታልም ጨምረው።