ሁለት ፊደል በመቶ ሺህ ብር

መኪናዬ ቪትዝ ነበረች። በ2010 ዓ.ም. ስገዛት ሁሉ ነገሯ ከነጃፓንኛው ነው። ጠዋት ቁልፍ ሳዞር አንዲት ሴትዮ ከዳሽቦርዱ ውስጥ በትሕትና አንድ ነገር ትለኛለች። እኔም ያደግኩት ከጨዋ ቤት ነውና "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ" እላታለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሰላም ተባብለናል።

አንድ ቀን ጆሮዬ ከምትለው ውስጥ "ካዶ" የሚል ቃል ያዘ። ካርድ! ስልኬን አውጥቼ ሳጣራ፣ ለካ ሴትዮዋ ሰላምታም አልነበራት። "የኢቲሲ ካርድ አልገባም" ነው የምትለው። ጃፓን ውስጥ የፈጣን መንገድ ክፍያ የሚቆረጥበት ካርድ ነው። ቦሌ ሚካኤል ቁጭ ብዬ የቶኪዮን መንገድ ሒሳብ ስትጠይቀኝ ኖራለች። ክው አልኩ። ከዚህች መኪና ጋር ከእንግዲህ እንደ መሃይም አልኖርም ብዬ ጃፓንኛ ማንበብ ጀመርኩ።

ጃፓኖች በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ዓይነት ጽሕፈት ይቀላቅላሉ። ሂራጋና፣ ካታካና፣ ካንጂ። ከፈረንጅ የመጣ ቃል የሚጻፈው በካታካና ነው። መኪና ደግሞ የፈረንጅ ቃል አይጠፋባትም። ከሱ ጀመርኩ። መሠረታዊዎቹ 46 ናቸው። የፊደል ገበታን በአርጩሜ ለጨረሰ ሰው 46 ምን አላት? አካሄዱም የኛው ነው፣ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ ይላል። እኛ ሰ ላይ ሰረዝ ስንጨምር ሸ እንደሚሆነው፣ እነሱም ካ ላይ ሁለት ጭረት ጣል ሲያደርጉ ጋ ይሆናል። ችግሩ፣ የኛ ካ እና ኪ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው ከመልካቸው ያስታውቃል። የነሱዎቹ መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላም አይባባሉም።

"ሶ" እና "ን" ደግሞ በተቃራኒው መንትያ ናቸው። ሁለቱም አንድ አጭርና አንድ ረጅም ጭረት ብቻ። ልዩነቱ ረጅሟ ከላይ ወደ ታች ትውረድ ወይስ ከታች ወደ ላይ ትውጣ ነው። ታዲያ የነዳጅ ክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ተጨንቄ ተጠብቤ አነበብኩና "ጋንሪሶ" የሚል ወጣልኝ። የቀድሞ ባለቤቷ ስም መሰለኝ። "ይቺ የአቶ ጋንሪሶ መኪና ነበረች፣ አያያዙን እዩልኝ" እያልኩ ስንት ሰው ፊት ተኩራርቻለሁ። ሶዋ እና ንዋ ቦታ ተቀያይረውብኝ ነው። "ጋሶሪን" ነው። ቤንዚን።

ካንጂውን፣ ከቻይና የመጣውን ባለ ትርጉም ፊደል፣ አታንሱብኝ። ጃፓን ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ ብላ የዘረዘረችው ብቻ 2,136 ነው። እኔ 60 ላይ ስደርስ ራሴን ሊቅ አድርጌ ሾምኩ።

በመሃል መኪናዋን ልሸጥ ሆነ። ደላላው አንድ ሸበት ያሉ ጋሼ ይዞልኝ መጣ። ባለቤቴ ጠዋት "እባክህ ዛሬ ጃፓንኛህን እቤት ትተኸው ውጣ" ብላኝ ነበር። ጋሼ የሾፌሩን በር ከፈቱና ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ስቲከር አዩ።

"ልጄ፣ ይቺ ምንድን ናት?"

የሸጠልኝ ሰውዬ "እስከ 118,000 ኪሎ ሜትር ሞተሩ አይነካም ማለት ነው፣ ዋስትና ነው፣ እንዳትልጣት" ብሎኝ ነበር። እንደ ክታብ ጠብቄያታለሁ። ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ እንኳ ዞር ብዬ አላየኋትም።

"ዋስትናዋ ናት" አልኳቸው።

"እሱ እኮ ጃፓንኛ ያነባል!" አለ ደላላው። ያመሰገነኝ መስሎት ነው።

"እስቲ አንብብልኝ በላ!"

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ከጠፋ ስድስት ወር ሆኖኛል። በርከክ አልኩ።

"ኦ... ይ... ሩ። ኦይሩ! 'ል' ስለሌላቸው ነው፣ ኦይል ለማለት ነው ጋሼ። ቀጥሎ 'ኮካን'፣ መቀየር። ዘይት መቀየር። ይቺ ሳጥን ውስጥ የገባች ሳጥን የምትመስለው ደግሞ 'ካይ' ናት። ከፊቷ ካለችው 'ጂ' ጋር 'ጂካይ' ይሆናል፣ የሚቀጥለው ጊዜ።"

"ኤች 27 የሚለውስ?"

"ሄሴይ ነው! እነሱም እንደ ድሮው ዜና መዋዕላችን በንጉሥ ነው የሚቆጥሩት፣ በነገሠ በ27ኛው ዓመት እንደ ማለት። በፈረንጅ 2015፣ በኛ ነሐሴ 2007።"

"ጎበዝ! ሲጠቃለልስ?"

"ሲጠቃለል፣ በ2007 ዘይት ቀይረውላታል፣ የሚቀጥለው ዘይት የሚቀየረው... በ118,000..."

ድምፄ እያነሰ ሄደ። ቆጣሪው ላይ ያለው 104,000 ነው። በ2010 ስገዛት 61,000 ነበረች።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ መኪናህ ዕድሜዋን ትደብቃለች።"

"እኔም ተሸውጄ ነው!" ብል ማን ይስማኝ። ደላላው ሰማይ ሰማይ ያያል። ባለቤቴ ከላይ በመስኮት ስታየን ቆይታ መጋረጃውን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ጋሼ መቶ ሺህ ብር አስቀንሰው ወሰዷት። "ጂ" እና "ካይ" ሁለት ፊደል ናቸው፣ አንዷ ሃምሳ ሺህ መጣችብኝ ማለት ነው። ባለቤቴ ማታ ካልኩሌተር ይዛ የቀሩኝን 2,076 ካንጂዎች አስልታ፣ 103 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ስለሚያስፈልገን እዚሁ ላይ ብታቆም አለችኝ።

በሳምንቱ ጠዋት ጋሼ ደወሉ። ከኋላቸው ያቺ ድምጽ ትሰማለች።

"ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ በየቀኑ ምንድን ነው የምትለኝ?"

ትንሽ አሰብኩ።

"እንደምን አደሩ እያለችዎት ነው፣ ጋሼ።"

"አይ ጨዋነት!" አሉና ወደ እሷ ዞሩ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ?"