ፔዳል የሌለው ክርክር

ዛሬ ምንም አልሆንኩም። ግን ደብሮኛል። የደብረ ማርቆስ ጭጋግ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሣም፣ ቤቱ ቀዝቅዟል፣ መብራትም የለም። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ቡና አፍልቶ ጎረቤት ይጠራል። እኔ የቤትሆቨንን የጨረቃ ብርሃን ሶናታ የሚባለውን ባለ ሦስት ክፍል የፒያኖ ሥራ ከፈትኩ።

ስልኬ ላይ ሁለት ቅጂ አለኝ። ኔት ባልነበረበት ሰሞን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞሩ የደረሱኝ ናቸው፤ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። የመጀመሪያውን ክፍል አንደኛው ከሰባት ደቂቃ በላይ ያስኬደዋል። ሌላው አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ኖታው ያው አንድ ነው። የመጀመሪያው ግን ልቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ይመስላል፣ ሁለተኛው ከልቅሶው ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ።

የባሕር ዳሩን ልጅ ታውቁታላችሁ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ክራር ተምሮ ስለ ፒያኖ የሚከራከረውን። ሁለቱንም ላክሁለትና የቱ ይሻላል አልኩት። እሱን እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ ጠብ መፈለግ ነው። የድምፅ መልእክቱ ወዲያው መጣ።

"አንች፣ ይሄ ደግሞ ይጠየቃል? ዝግ ያለው ነው እንጂ! ጨረቃ ስትሮጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ከዚያ ስለ ጣና ማውራት ጀመረ። ማታ ሐይቁ ዳር ወጥቶ ውኃው ላይ የሚያየውን ብርሃን ሁሉ ተረከልኝ። ቆንጆ ነበር። ቢሆንም ተናደድኩ።

ጨረቃዋን ያመጣት ቤትሆቨን አይደለማ። እ.ኤ.አ. በ1801 የደረሰው፣ በ1802 ያሳተመው ሥራ ነው። የሰጠው ስም "ፋንታዚያ መሰል ሶናታ" የሚል ብቻ ነው፣ እንደ ልብ የሚሄድ ድርሰት ለማለት፤ መታሰቢያነቱም ለተማሪው ለጁሊዬታ ጉቻርዲ። ጨረቃውን ያመጣው ሉድቪግ ሬልሽታብ የሚባል ጀርመናዊ ሐያሲ ነው። እሱም ያሰበው የስዊዘርላንዱን የሉሰርን ሐይቅ ነው፤ ጣናን አይደለም። ስሙ ተለጥፎ ቀረ። ይኸው ዛሬ ሁሉም ሰው ጨረቃዋ እንዳትሰበርበት እየተጠነቀቀ ይጫወተዋል።

"ወረቀቱን እይ" አልኩት። ምቱ የሚቆጠረው በሁለት ነው። በአራት የሚቆጥረው ሰው ነው እየጎተተ የሚያስተኛን። የቤትሆቨን ተማሪ የነበረው ካርል ቼርኒም በዚሁ ምክንያት መካከለኛ አንዳንቴ፣ የእርምጃ ያህል ፍጥነት፣ ይሁን ብሏል።

"ያው ቼርኒ የሌሊት ትዕይንት ነው ብሎ የለ?" አለኝ።

ብሏል። ከሩቅ የሚሰማ የመንፈስ እንጉርጉሮ አለበትም ብሏል። ይሄ ልጅ ሲፈልግ ያነባል።

የምንስማማበት ነገርም አለ። ከታች ሦስት ሦስት እያለ የሚፈሰው ቀስ ብሎ መሰማት አለበት፤ ከላይ ያለውን ዜማ ትንሿ ጣት ለብቻዋ ትሸከመዋለች። የዜማው አጭር ኖታ ደግሞ ከሦስቱ የመጨረሻው ጋር አይመታም፣ ከሱ በኋላ ነው። ብዙ ሰው አብሮ ይመታዋል። እነሱን ለማማት ጊዜ አንድ ነን።

ከዚያ ፔዳል ላይ ደረስን። ጠባችን ሁሌም የሚያልቀው እዚያ ነው።

ቤትሆቨን ከላይ ቁራጩ በሙሉ እጅግ በስሱና ያለ ማፈኛ ይጫወት ብሎ ጽፏል። ማፈኛው ሽቦው ላይ ተኝቶ ድምፁን የሚያቆመው ነው፤ ቀኙ ፔዳል ሲረገጥ ይነሣል። እንደተጻፈው ከሆነ እንግዲህ ፔዳሉን የረገጠ ሰው እስከ መጨረሻው አይለቅም። በሱ ዘመን ያስኬድ ነበር። የቪየና ፒያኖዎች ቀላል ነበሩ፣ ድምፃቸውም ቶሎ ይከስማል። ብዙዎቹ ማፈኛውን የሚያነሡት በእግር እንኳ አልነበረም፤ ከሥር ባለ ማንሻ፣ በጉልበት እየተገፋ ነው። የዛሬው ትልቅ ፒያኖ የብረት ፍሬም አለው፣ ሽቦው በኃይል የተወጠረ ነው፣ አንዴ የተመታ ድምፅ ይቆያል። ፔዳሉ ካልተለቀቀ አንዱ ከሌላው ይደባለቃል። ስለዚህ አብዛኛው ተጫዋች እየለቀቀ መልሶ ይረግጣል። ቼርኒም ባሱ በተመታ ቁጥር እንደገና ይረገጥ ነው ያለው። ተማሪው ራሱ ከመምህሩ ወረቀት ፈቀቅ አለ ማለት ነው።

የዘመናችን ፒያኒስት አንድራስ ሺፍ ግን የተጻፈው ይከበር ብሎ ፔዳሉን ይዞ ይጫወተዋል። ፈጠንም አድርጎ። እኔ የሺፍ ወገን ነኝ። ልጁ "ድፍርስ ነው" ይላል።

በነገራችን ላይ የኔ ኪቦርድ ፔዳል የለውም። ነበረው፤ ከተበላሸ ቆይቷል፣ የሚጠግነውም አላገኘሁም። ቁልፉ 61 ነው። ያን ጊዜ የቪየና ፒያኖ በአብዛኛው አምስት ኦክታቭ፣ ማለትም 61 ቁልፍ፣ ስለነበር፣ በቁልፍ ብዛት ከቤትሆቨን እኩል ነኝ። በሌላው አንገናኝም።

ልጁ መሸነፍ ሲጀምር ፒያኒስቱን ሊስትን ይጠራል። ሊስት በወጣትነቱ ይህን ክፍል ሲጫወት ትሪልና ትሬሞሎ የሚባሉ የድምፅ ማርገብገቢያዎች እየጨመረ፣ ፍጥነቱን እያዛባ የሙዚቃ ደራሲውን ቤርልዮዝን አብግኖታል። ከዓመታት በኋላ ግን በአንድ ወዳጃቸው ቤት መብራቱን አስጠፍቶ፣ ምንም ሳይጨምር እንደተጻፈው ተጫወተው። ሰዉ አለቀሰ። ይህን የጻፈው ራሱ ቤርልዮዝ ነው።

"አየሽ፣ በጨለማ ነው የሚገባው" አለኝ ልጁ።

"መብራትማ እኛም ጋ ጠፍቷል" አልኩት። ሳቀ። ክርክሩን ግን አላቆመም።

እንደተጻፈው ስንባባል አባባ ትዝ አሉኝ።

አባባ የቤተልሔም ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ዜማቸውን ማለቴ ነው። ድጓው ቤተልሔም አለው፣ ቆማ አለው፣ አጫብር አለው፣ ተጉለት አለው። ሁሉም የቅዱስ ያሬድ ነን ይላሉ። ምልክትም አለ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያበጁት። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ርክርክ (ድምፅ ሲርገበገብ)፣ ቁርጥ እየተባለ ከፊደሉ በላይ ይሰፍራል። ያም ሆኖ ብራና ብቻ ገልጦ ዜማ የቻለ የለም። ከየኔታ አፍ ካልሰሙት ምልክቱ ብቻውን አይናገርም።

አንድ ጊዜ ለንግሥ እንግዳ መሪጌታ መጡ። የቆማ ሰው። ሌሊቱን ማኅሌት ተቆመ። አባባ መቋሚያቸውን ተደግፈው በከንፈራቸው ብቻ ይከተሉ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ "አበላሸው" አሉ። ምኑን ነው ቢባሉ፣ "ርክርኩን አበዛው" ብቻ።

ያ እንግዳ ግን ምሳ የበላው እኛ ቤት ነው። አባባ በእጃቸው ጠላ እየቀዱለት እስኪመሽ ተከራከሩ። እማማ ዛሬስ ይደባደባሉ ብላ ከጓዳ አልወጣችም። ሲለያዩ ግን ተሳስመው ነው።

ከዚያ በኋላ ባለው ሰሞን አባባን ጓሮ ቀፎ ሲያጸዱ አገኘኋቸው። ብቻቸውን ናቸው። እያዜሙ ነው፤ ያችኑ ዜማ፣ ግን በእንግዳው አካሄድ። ርክርኩ አንድም አልቀረ። ልጅም ብሆን ጆሮዬ ለየው።

"አባባ፣ ይሄ የመሪጌታው አይደለም?"

"የምን መሪጌታ? ሂጂ፣ ውኃ አምጭልኝ።"

ውኃውን ይዤ ስመለስ ዝም ብለዋል።

ይሄ ነገር ከሰዓት ጀምሮ አልለቀቀኝም። ለምን ካዱኝ? እየናቁት ሳያስቡት ጆሯቸው ውስጥ ገብቶ ነው? ወይስ መጀመሪያውኑ ወደውት ኖሮ ነው "አበላሸው" ያሉት? ደግሞ እየተለማመዱትም ሊሆን ይችላል፤ እንግዳው በሚቀጥለው ንግሥ ሲመጣ በራሱ ዜማ ሊረቱት። አባባን የሚያውቅ ሰው በዚህኛው አይገረምም። እኔ ግን የሚከፋኝ ይሄኛው ከሆነ ነው። ወደውት ቢሆን እመርጣለሁ።

ልጁ የድምፅ መልእክት ሲደረድር ነበር። አንዱንም አልሰማሁት። መጨረሻ ላይ በጽሑፍ መጣ፦ "እሺ፣ ሦስተኛውን ክፍልስ ምን ትያለሽ?"

በሦስተኛው ክፍል ተጣልተን አናውቅም። ፕሬስቶ አጂታቶ ይላል፣ እጅግ ፈጣንና የተረበሸ ማለት ነው። ቁጣው ሁሉ ያለው እዚያ ነው፤ ጨረቃም ሐይቅም አይነካካውም። ግን ማናችንም ልንጫወተው አንችልም። ስለዚህ በሱ ላይ ፍጹም ተስማምተናል።