ከቃር ያሳረፈችኝ እመቤቴ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። እመቤቴ ድንግል ማርያም የሕመሜን ምክንያት ካሳየችኝ ሳላፍር ለሰው እመሰክራለሁ ብዬ ነበር። አሳየችኝ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እንጀራ እየጋገርኩ ለየቤቱና ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ሕመሜ ቃር ነበር። ቃር ሲባል ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ "ውሃ ጠጪበት፣ ይለቅሻል" ይላል። የእኔ ግን እንዲያ አልነበረም። ማታ ጋደም ስል ከጨጓራዬ ተነስቶ፣ ደረቴን እያቃጠለ፣ ጉሮሮዬ ድረስ ይወጣል። ኮምጣጣ ውሃ አፌን ይሞላዋል። ሳል ከእንቅልፌ ቀስቅሶኝ ቁጭ ብዬ የማድርበት ሌሊት ብዙ ነው። ጠዋት ድምፄ ስለሚጎረንን ሰው ጉንፋን የያዘኝ ይመስለው ነበር።

ያልሞከርኩት የለም። ተልባ በጥብጬ ጠጣሁ። ወተት ለጊዜው ያበርደዋል፣ ከዚያ ብሶበት ይነሳል። ጋዝ ያለው ውሃ ሲያገሳኝ ቀለል ያለኝ ይመስለኛል፤ ከግሳቱ ጋር ግን ቃሩም አብሮ ይመጣል። ሐኪም ቤትም ሄድኩ። ሰገራዬ ተመርምሮ ኤች ፓይሎሪ የሚሉት የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብኝ። የ14 ቀን መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ አንዲት ፍሬ ሳላጎድል ዋጥኩ። ድጋሚ ስመረመር ባክቴሪያው ጠፍቷል። ባሕር ዳር ድረስ ሄጄም በአፍ በሚገባ ካሜራ ታየሁ፤ ቁስል የለም ተባልኩ። ተመስገን ነው። ማታ ሲሆን ግን ያው እሳት። በመጨረሻ "ከጭንቀት ይሆናል" ተብዬ ተሸኘሁ።

ከቃሩ ይልቅ ያ ቃል ከበደኝ። ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ክፉ ነው። ምኑን ትቼ ምኑን እንደምይዝ አላውቅም።

ፍልሰታ ደረሰና ነሐሴ 1 ቀን ሱባኤ ገባሁ፤ ከከተማ ወጣ ካለች አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን። የጎጃምን ነሐሴ ታውቁታላችሁ፣ ጭቃውን፣ ጉሙን፣ ዝናቡን። አንዲት ጠባብ የሣር ጎጆ ውስጥ ከአንዲት አረጋዊት እማሆይ ጋር ደረሰኝ። ጎጆዋ እግር አታስዘረጋም። ስንቄን ከጀርባዬ አድርጌ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ነበር የማሸልበው። ምግባችን ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ነው። ትንሽ በሶ፣ የራሰ ሽምብራ፣ እፍኝ ቆሎ፣ በቃ። ወጥ የለ፣ ቡና የለ። ማታ ቆመን እንጸልያለን፤ ሌሊት ደግሞ ሰዓታት አለ። እኔ የፈራሁት ስግደቱን ነበር፤ ጎንበስ ስል ይገነፍልብኛል ብዬ። እማሆይ መቀነቴን አዩና "ልጄ፣ ይህን ፍቺው እንጂ! እንዲህ ተጠፍንጎ ይሰገዳል?" አሉኝ። ፈታሁት።

ሱባኤው እስኪያልቅ አንድም ሌሊት አላቃረኝም። ጉሮሮዬ እንኳ ተከፈተ፤ ዝማሬው ላይ ድምፄ ሲወጣ እንባዬ መጣ።

ድኛለሁ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ነሐሴ 16 ጾሙ ተፈታ። ዶሮ ወጥ ቀረበ፣ ቡና ተፈላ፣ ድካሙም ስላለ እንደበላሁ ተኛሁ። እኩለ ሌሊት ላይ ያው እሳት ቀሰቀሰኝ።

ተነስቼ ሥዕሏ ፊት ተንበረከክሁ። "እመቤቴ፣ ቤትሽ ሳለሁ ያሳረፍሽኝ እንዲያው በከንቱ አይደለም። አሁን ሕመሙን አንሺልኝ አልልሽም። ከየት እንደሚመጣ ብቻ አሳይኝ" አልኳት። ስለቱን የተሳልኩት ያኔ ነው።

ጎሕ ሲቀድ ለመጋገር ተነሳሁ። ከማታው የተረፈውን ቀማመስኩ። ያቺን ረጅም መቀነቴን ወገቤ ላይ ደጋግሜ ጠመጠምኳት። ቀኑን ሙሉ ስጎነበስ ወገቤን ትደግፍልኛለች ብዬ ጠበቅ አድርጌ ነው የማስራት። ምጣዱ ያለው መሬት ላይ ነው። አክምባሎውን አንስቼ፣ ሰፌዱን አስጠግቼ የመጀመሪያዋን እንጀራ ሳወጣ ኮምጣጣው ውሃ ግንፍል ብሎ አፌ ውስጥ መጣ። ቀና ስል እጄ መቀነቱ ቋጠሮ ላይ አረፈ። ያኔ የእማሆይ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ፤ "እንዲህ ተጠፍንጎ ይሰገዳል?"

እዚያው ጭሱ ውስጥ ቆሜ አንድ በአንድ ታየኝ። በሱባኤው ያልነበረው ምንድን ነው? የጠበቀ መቀነት አልነበረም። ሆድ ሞልቶ መጎንበስ አልነበረም። እንደበሉ መተኛት አልነበረም። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ያቺን መቀነት ከልጅነቴ ጀምሮ ሳስራት ኖሬያለሁ፤ በለመንኩ ማግሥት ዓይኔን የገለጠልኝ የእኔ ብልጠት አይደለም።

ሐኪም ዘንድ ተመለስኩ። ያገኘሁት ወጣት ዶክተር ተናግሬ እስክጨርስ ሰማኝ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። "እትዬ፣ ዋናውን ነገር አግኝተውታል" አለኝ። የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ አቁማዳ አፍ ጥብቅ የሚል ጡንቻ አለ። እሱ ሲላላ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ያመልጣል። የጠበቀ መቀነትና መጎንበስ ሆድን ከታች ይገፉታል። ቅባት የበዛበት ምግብና የአልኮል መጠጥ፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ቡና፣ ጡንቻውን ያላሉታል። እርግዝናና የሰውነት ክብደትም እንዲሁ ያመጡታል። ጨጓራ ሳይቆስል፣ ባክቴሪያም ሳይኖር እንዲህ ሊያቃጥል እንደሚችል ያስረዳኝ እሱ ነው።

"ሌላ የሚውጡት መድኃኒት አለ?" ሲለኝ ለጉልበቴ የምወስደውን ዲክሎፌናክ አሳየሁት። እሱም ጨጓራን ያስቆጣል ብሎ በፓራሲታሞል ቀየረልኝ። ሱባኤ ስገባ ያንንም ቤት ትቼው ነበር የሄድኩት! ማንም ሳይነግረኝ።

አሁን እራቴን ከመተኛቴ 3 ሰዓት ቀደም ብዬ እበላለሁ፤ እሱም መጠነኛ ነው። አናጺ ጠርቼ ከአልጋዬ የራስጌ እግሮች ሥር ጣውላ አስገባሁ፤ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ። ትራስ መደራረብ ሞክሬ ነበር፤ እሱ አንገትና ሆድ ያጥፋል እንጂ አይረዳም። የምተኛው በግራ ጎኔ ነው፤ እንዲያ ሲሆን አሲዱ ከቧንቧው አፍ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ምጣዴን ከፍ ያለ ምድጃ ላይ አወጣሁት፤ ቆሜ ነው የምጋግረው። መቀነቴን ላላ አድርጌ አስራለሁ። ቡናዬን አልተውኩም፤ በባዶ ሆዴ ግን አልጠጣም፣ አቦል ላይም አቆማለሁ። ቃሩ ለቀቀኝ። ሌሊቱን ሙሉ ጋደም ብዬ አድራለሁ።

"ታዲያ ያዳነሽ ጸሎቱ ነው ወይስ የአልጋው ጣውላ?" ያሉኝ አሉ። የንስሐ አባቴ ይህን ሲሰሙ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አነበቡልኝ። መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰውም አይንቀውም ይላል። እኔ የለመንኩት እንድታሳየኝ ነው፤ አሳየችኝ። ጣውላውንም የምቆጥረው ከእሷ ስጦታ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ቃር ሁሉ የእኔ ዓይነት አይደለም። ምግብ ሲውጡ የሚያንቅ፣ ደም የሚያስመልስ፣ ሰገራን እንደ ሬንጅ የሚያጠቁር፣ ያለ ምክንያት የሚያከሳ ከሆነ ጠበሉን እየጠጣችሁም ቢሆን ፈጥናችሁ ተመርመሩ። ደረት ጨምድዶ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ የሚያልብ ሕመም ከሆነ ደግሞ ልብ ሊሆን ይችላልና በዚያችው ሰዓት ሐኪም ቤት ግቡ።

አብራኝ የምትጋግር ጎረቤቴ እንደ እኔው መቀነቷን አላልታ፣ እራቷን ቀድማ በልታ፣ ሁሉንም አደረገች። የሌሊቱ ቀለል ብሎላታል። ምግብ ሲወርድ ደረቷ ላይ የሚይዛት ነገር ግን አልተዋትም። ባለፈው ሳምንት ይዣት ሄጄ በካሜራው ታየች፤ ናሙናም ወስደውላታል። ውጤቱ ገና አልመጣም። በጸሎታችሁ አስቧት።