ግራኙ መንፈስ

መንፈስ አለበት በሚባል ሱቅ ተቀጥሬ ስለሠራሁበት ጊዜ ላጫውታችሁ። የሚያስበረግግ ታሪክ የምትጠብቁ ከአሁኑ ብትተዉት ይሻላል፤ ደም የለበትም፣ የሚገደል ሰውም የለም። ያለው ክር፣ መርፌ፣ አዝራርና አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ግን ከእንጀራዬ ሊያፈናቅለኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

ሱቁ የእጅ ሥራ ዕቃ ይሸጣል። ሁለት ሰው የማያሳልፍ ጠባብ መተላለፊያ አለው፤ ግራና ቀኙ እስከ ጣሪያ የሹራብ ክር ነው፣ በየመሳቢያው አዝራርና ዶቃ ሞልቷል፣ ከኋላ ደግሞ ማሞቂያው ሲያጓራ የሚውልበት ትንሽ ክፍል አለ። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። እንደ አገሩ ሰው በስማቸው አንጠልጥዬ መጥራቱ አልሆንልሽ ስላለኝ ማዘር እላቸው ነበር። እሳቸውም ወደዱት።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን «ማታ ማታ የሚመጣ እንግዳ አለን፣ እንዳትደነግጪ» አሉኝ። የቀልድ መሰለኝ። ቀልድ አለመሆኑ የገባኝ ውሎ ሳያድር ነው። ማታ ሳንጠቀልለው ትተነው የሄድነው ክር ጠዋት ተጠቅልሎ፣ ልቃቂት ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀናል። እኔ በመጠን ለይቼ ያስቀመጥኳቸው አዝራሮች በቀለም ተለይተው ይገኛሉ። የበሩ ደወል ማንም ሳይነካው ይጮኻል። ሲመሻሽ የጣውላው ወለል ሰው የሚራመድበት ይመስል ቋ ቋ ይላል። አልፎ አልፎ ደግሞ ዕቃ ይጠፋል፤ አንዴ የሐር ክር፣ አንዴ የኪሮሽ መርፌ፣ አንዴ የጥልፍ ጨርቅ።

ማዘር አልተጨነቁም። «ባለቤቴ ነው» ይላሉ፣ ከሞቱ ዓመታት ያለፋቸውን ሰውዬ ማለታቸው ነው። «በሕይወት እያለም ዕቃ አንስቶ የት እንዳደረገው ይጠፋበት ነበር»። ደንበኞቹም ወሬውን ይወዱታል። ክር ሊገዙ መጥተው «ዛሬስ ምን አደረገ?» ሳይሉ የሚወጡ ጥቂት ናቸው።

ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ መንፈሱ ለእኔም ተመችቶኝ ነበር። ስደት ላይ የሰው ሱቅ ውስጥ የሠራ ያውቀዋል። ዕቃ ሲጠፋ ማንም ምንም ሳይናገር ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ሰው ይዞራል። ያ ሰው መጨረሻ የተቀጠረው ነው፣ ቋንቋው የሚሰባበረው፣ ወረቀቱ ገና ያላለቀው። አሠሪዬ የጠፋውን ሁሉ በሟች ባላቸው ስለሚያሳብቡ እኔ በሰላም ውዬ እገባለሁ። እንዲህ ያለ መንፈስ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ቢመደብ ምን ነበረበት!

ነገሩ የተበላሸው የእህታቸው ልጅ የሱቁን ሒሳብ መያዝ ስትጀምር ነው። ልጅቷ መንፈስ የሚባል ነገር አይዋጥላትም። መዝገቡን ከመደርደሪያው ጋር ስታመሳክር ዋለችና «መንፈስ ሐር ምን ያደርግለታል?» አለች፣ ማንንም ሳታይ። ቀጥላ «ማታ የሚዘጋው ማነው?» አለች። እኔ ነኝ። «ቁልፍ ያላቸውስ?» እኔና ማዘር። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም፣ መጠየቅም አላስፈለጋትም።

ጓደኛዬ «ስምሽ ሳይጠፋ ልቀቂ» አለችኝ። ብለቅ ግን ስሜ የሚጠፋው ያኔ ነው። ዕቃው መጥፋቱን ካቆመ «አላልኳችሁም?» ይባላል፤ ካላቆመ ደግሞ ለእኔ የሚነግረኝ የለም። ስለዚህ ያንን የተመቸኝን መንፈስ ራሴ ላባርረው ተነሣሁ።

ደወሉ ቀላሉ ነበር። ገመድ አልባ ነው። ርካሾቹ ደወሎች ብዙዎቹ በ433 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባለ ሞገድ ስለሚሠሩ፣ ጎረቤት ያለው ደወል ኮድ ከእናንተው ጋር ከገጠመ የእሱ ሲጫን የእናንተም ይጮኻል። ማዘርን ውስጥ አስቀምጬ የጎረቤቱን ደወል ስጫን የእኛው ጮኸ። ኮዱን ቀየርኩ፣ አበቃ። የወለሉም ምሥጢር አልነበረውም። ማታ ማሞቂያው ሲጠፋ ቧንቧውም ጣውላውም ቀዝቅዞ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ምስማሩን እየታከከ ይጮኻል።

ሌሊት ሌሊት ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ነገር አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1921 ዊልያም ዊልመር የሚባል አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ አንድ ቤተሰብ ጽፎ ነበር። አሮጌ ቤት ገብተው ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ኮቴ ይሰማሉ፣ ሌሊት ሰው አጠገባቸው የቆመ ይመስላቸዋል። መጨረሻ ላይ ሲመረመር የቤቱ ማሞቂያ ምድጃ ተበላሽቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ይለቅ ኖሯል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም። እኔም በዚያ የኋላ ክፍል ስውል ራሴን ያመኝ ነበርና ክው አልኩ። በማግሥቱ ጠቋሚ መሣሪያ ገዝቼ ሰቀልኩ፤ ዜሮ አለኝ። የራስ ምታቴ የመነጽር ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። (ጋዝ ወይም እንጨት የሚያነድ ማሞቂያ ቤታችሁ ካለ ግን መንፈስ ባትፈሩም ይህን መሣሪያ ግዙ። እንዲያውም መንፈስ ከመፍራት ይሻላል።)

ለነገሩ ጋዝ ቢሆንስ? ጋዝ ሰው ያስቃዣል እንጂ ክር አይጠቀልልም።

አንድ ጠዋት ከመንፈሱ ልቃቂቶች አንዱን ወደ መስኮቱ ወሰድኩና አገላብጬ አየሁት። እጁ የተካነ ሰው የሠራው ነው፤ አልጠበቀ፣ አልላላ። የሆነ ነገር ግን ዓይኔን ረበሸው። ራሴ አንድ ጠቅልዬ አጠገቡ አስቀመጥኩ። የእኔ ጥምጥም ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ የእሱ ወደ ሌላው። በመስታወት እንደሚታይ ሁሉ ተገለባብጠዋል። ክሩን የጠቀለለው እጅ ከእኔ በተቃራኒ ነበር የዞረው።

ያኔ መቀሱ ትዝ አለኝ። ማዘር «የማይቆርጥ» ብለው መሳቢያ ውስጥ የጣሉት አሮጌ መቀስ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ግን ሁልጊዜ ከልቃቂቶቹ አጠገብ ነው የምናገኘው። ሞክሬዋለሁ፣ ጨርቁን በስለቶቹ መሐል ያጥፈዋል እንጂ አይቆርጠውም። አሁን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩት። ጨርቁ ሸርተት ብሎ ለሁለት ተከፈለ። የግራኝ መቀስ ስለቱ በተቃራኒ ነው የሚገጠመው። ግራ እጅ ሲጨብጠው ስለቶቹን አጥብቆ ያገናኛል፣ ቀኝ እጅ ግን ያላቅቃቸዋል። ለካ መቀሱ አልደነዘም፣ እኛ ነን እጃችንን የተሳሳትነው።

«ማዘር፣ ባለቤትዎ ግራኝ ነበሩ እንዴ?»

«ኧረ እሱ! በቀኙም ምስማር መምታት አይሆንለት።»

«እዚህ ቤት ግራኝ የነበረ ማን ነው?»

መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ከሱቁ በላይ፣ አንድ ሴት ይኖራሉ። እዚህ ሱቅ ሲሠሩ አርጅተው፣ መርሳት ሲጀምሩ ነው ያቆሙት። የኋላው ክፍል ወደ ሕንፃው ደረጃ የሚያወጣ በር አለው፤ ቁልፉን ማንም ቀይሮት አያውቅም፣ የእሳቸውን ቁልፍም ማንም መልሺ አላላቸውም።

ማዘርን ምስክር ማድረግ ብቻውን አልበቃኝም፣ የእህታቸው ልጅም ትምጣ አልኩ። ሦስታችን ገና ሳይነጋ ገብተን መብራት አጥፍተን ተቀመጥን። ብዙም አላስጠበቁንም። በሩ ተከፈተ፣ መብራቱን ማብሪያውን ሳይፈልጉ አበሩት። የሌሊት ልብሳቸው ላይ የሥራ ሽርጥ አድርገዋል። እኛን አይተው አልደነገጡም፤ እኛ ነን የደነገጥነው። ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና እኔን ትክ ብለው አዩኝ።

«አዲሷ ልጅ አንቺ ነሽ? አዝራሩን በመጠን የምትለዪው አንቺ ነሽ? ደንበኛ እኮ የሚጠይቅሽ በቀለም ነው።»

ምን ልበላችሁ፣ ልክ ናቸው። ዛሬም በቀለም ነው የምለየው።

የጠፋውን ዕቃ ማዘር ቀስ ብለው ጠየቋቸው። ሴትዮዋ ተነሥተው ከማሞቂያው ጀርባ ያለውን፣ እኔ የተዘጋ ግድግዳ የመሰለኝን ቁም ሣጥን ከፈቱት። ሐሩም፣ የኪሮሽ መርፌውም፣ ጨርቁም እዚያው አሉ። እያንዳንዱ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ፣ ላዩ ላይ የሰው ስም ተጽፎበታል። ለደንበኞች የታዘዘ ዕቃ ነው። ሌሊት እየወረዱ የድሮ ትእዛዝ ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ማዘር ስሞቹን አንድ በአንድ አነበቡ፤ ይቺ ሞታለች፣ ይቺ ልጆቿ ዘንድ ሄዳለች፣ ይቺን አላስታውስም። ከመሐላቸው አንዷ ብቻ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። የእሷን ጥቅል አስቀመጥንላት። ስትቀበለን ምን ያህል እንዳለቀሰች አትጠይቁኝ።

የሴትዮዋ ልጅ ተጠርታ መጣች። ሌሊት እናቷ ደረጃ እንደሚወርዱ አታውቅም ነበር፤ ወድቀው ቢሆንስ ብላ ተንቀጠቀጠች። ሐኪማቸውም ተነገረው። የኋላው በር ቁልፍ ተቀየረ፣ ሴትዮዋ ግን በቀን እንዲመጡ ተስማማን። ልጃቸው ታወርዳቸዋለች፣ ክር ይጠቀልላሉ፣ እኔን ይቆጡኛል። መቀሳቸውም ከመሳቢያ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠላቸው።

ደስ ያላላቸው ማዘር ብቻ ናቸው። እያሳሳቃቸው፣ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ «አንቺ ልጅ፣ ባሌን ሁለተኛ ቀበርሽብኝ» አሉኝ። ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረኝም።

የእህታቸው ልጅ ይቅርታ አልጠየቀችኝም። ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ግን አዲሱን ቁልፍ ይዛ መጥታ «አንቺ ጋ ይሁን» ብላ ዘረጋችልኝ። አልተቀበልኳትም። መጀመሪያ ቁልፍ ያላቸው ሰዎች ስም በሙሉ በወረቀት ላይ ይጻፍና ትፈርሚልኛለሽ አልኳት። ቅር እንዳላት ፊቷ ላይ አየሁ። ቢሆንም ጽፋ ፈረመች። አንዱን ቅጂ ለራሴ አስቀረሁና ቁልፉን ተቀበልኳት።